የሐይቅ ዳር በረንዳ በዘይት ቀለም፦ ጠዋት ወይስ አመሻሽ፣ ሸራ ወይስ ጣውላ፣ ብሩሽ ወይስ ቢላ?

የሐዋሳ ሐይቅ የሚገኘው ከከተማው በስተምዕራብ ነው። በረንዳ ላይ ቆሞ ሐይቁን ለሚሥል ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም መረጃ የለም። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ፣ ከከተማው በኩል ወጥታ ውሃውንና ማዶውን ፊት ለፊት ታበራለች። ከሰዓት በኋላ ዞራ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ አመሻሽ ላይ እዚያው ሐይቁ ላይ ትጠልቃለች። ቦታው አንድ፣ በረንዳው አንድ፣ ሥዕሉ ግን ሁለት ነው። ሸራ፣ ቀለምና ብሩሽ መመረጥ ያለባቸው ይህ ከተወሰነ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዕቃ ግዢ ይጀምርና በእጁ የገባው ዕቃ ብርሃኑን ይመርጥለታል።

ኢንተርኔት ላይ «ጸጥ ያለ የባሕር ዳር በረንዳ» ብሎ ሥዕል ለሚፈልግ የሚመጣለት አብዛኛውን ጊዜ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው፦ ነጭ ግድግዳ፣ ጥልቅ ሰማያዊ ባሕር፣ ሮዝ ቡገንቪሊያ። ቡገንቪሊያው እኛም ጋ አለ፣ ነጩ ግድግዳም አለ። ውሃው ግን ሌላ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ቅርቡ አረንጓዴ ያዘለ ደብዛዛ ነው፤ ራቅ ሲል የሰማዩን ቀለም ይዞ ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይመስላል። ከቱቦ በወጣ ደማቅ ሰማያዊ የተቀባ ሐይቅ ሐዋሳም አይሆን፣ ባሕሩንም አይሆን።

ጸጥታው ራሱ ከየት እንደሚመጣም ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከታች ያለውን ምርጫ ሁሉ የምንመዝነው በእሱ ነውና። ባዶ ወንበርና የቆመ ጀልባ ተሥሎም ሥዕሉ ሊጮህ ይችላል። ጸጥታ የሚመጣው ትልልቆቹ ቅርጾች በቶን፣ ማለትም በብርሃንና በጨለማ ደረጃ፣ ሲቀራረቡ ነው። ጥቁርን 1፣ ነጭን 10 ብላችሁ ብትቆጥሩ ሰማይ፣ ውሃ፣ ማዶና ወለል ከ5 እስከ 8 ባለው ውስጥ ይቀመጡ፤ ከዚያ የወጣ በጣም ጨለማ ወይም በጣም ደማቅ ነገር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይኑር። አንድ ረከቦት ላይ የተቀመጠ ጥቁር ጀበና በቂ ነው። ጀበናውም፣ የወንበሩ እግርም፣ የዛፉ ግንድም፣ ጀልባውም እኩል ጥቁር ከሆኑ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

ጠዋት ወይስ አመሻሽ

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ዳርቻም ሆነ ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረ በረንዳ፣ ጠዋት የሕንፃው ጥላ ይወድቅበታል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ የምታዩት ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ያለ ወለልና ወንበር ነው፤ ከዚያ ባሻገር ፀሐይ የመታው ሐይቅ። በረንዳው ለሐይቁ እንደ መስኮት ይሆንለታል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ላይ ስለሚነሣ ውሃው በዚህ ሰዓት ይተኛል፤ የጀልባው ነጸብራቅ ሳይቆራረጥ ይታያል። በረንዳው ጥላ ውስጥ ስለሆነ የብርሃኑ ለውጥም ብዙ ስለማይታይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳትረበሹ ትሠራላችሁ።

የጠዋቱ ችግር ዝርግነት ነው። ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ፊት ለፊት ስለሚበሩ ጥላ አይኖራቸውም፤ ከሰማዩ የሚለያቸው ግማሽ ደረጃ ቶን ብቻ ሊሆን ይችላል። ጀማሪ ይህንን ሲያይ ይደነግጥና ኮረብታውን ያጠቁረዋል። ያኔ ማዶው ወደፊት ይመጣል፣ ሐይቁም ኩሬ ይሆናል። ኮረብታውን ከሰማዩ በቶን ሳይሆን በቀለም ለዩት፦ ሰማዩ ወደ ቢጫ ካደላ ኮረብታው ወደ ሐምራዊ ግራጫ ያድላ።

አመሻሹ ተቃራኒው ነው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ከጣሪያው ሥር ሾልካ ትገባና ወለሉ ይሞቃል፤ የአጥሩ ዘንጎች ጥላ ወደ እናንተ ይዘረጋል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ 1 ሜትር ቁመት ያለው ዘንግ ወደ 2 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያው ጥላ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዘንበል ብላ ሳይሆን ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ድንግዝግዙም አጭር ነው። መጀመሪያ የነደፋችሁት ጥላና መጨረሻ የቀባችሁት ብርሃን የተለያየ ሰዓት ይሆኑና ሥዕሉ ውስጥ ሁለት ፀሐይ ያለ ይመስላል። አመሻሽን የመረጠ ሰው የጥላዎቹን ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች በቀጭን መስመር ይንደፍ፤ ከዚያ በኋላ ጥላው ወዴትም ቢሄድ አይከተለው።

ሌላው የአመሻሽ ወጥመድ የውሃው ብልጭታ ነው። ነጭ ቀለም ከነጭ ሸራ በላይ ሊበራ አይችልም። ብልጭታው እንዲበራ ከተፈለገ ዙሪያው መውረድ አለበት፦ ሰማዩን ከምታዩት በሁለት ደረጃ አጨልሙት፤ ብልጭታውን ደግሞ ጥቂት ኦከር (ደብዛዛ የአፈር ቢጫ) በነካው ነጭ፣ በጥቂት አግድም ጭረት ብቻ አኑሩት። ንጹሕ ብርቱካናማ ከቱቦ ማውጣት አመሻሹን የፖስተር ያስመስለዋል።

ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ያለውን ተዉት። በእነዚያው ወራት ቀትር ላይ የዚያ 1 ሜትር ዘንግ ጥላ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቅርጽ የሚሰጥ ጥላ የለም ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ሥዕል ጠዋትን ምረጡ። አመሻሽን የሚወድ ሰው በ20 በ30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ጣውላ ላይ በግማሽ ሰዓት የቀለም ማስታወሻ ይያዝ፤ ትልቁን ቤት ውስጥ ከማስታወሻው ይሥራ። ትልቅ ሸራ ይዞ ፀሐይ ስትጠልቅ መሽቀዳደም ጸጥ ያለ ሥዕል አያወጣም፤ ጥድፊያው ብሩሹ ላይ ይታያል።

ተቀምጦ ወይስ ቆሞ

ይህ ትንሽ ምርጫ ይመስላል፤ ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። የሐይቁ የማዶ ዳርቻ ሁልጊዜ ከዓይናችሁ ከፍታ ጋር ትክክል ሆኖ ነው የሚታየው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ20 አካባቢ ይሆናል። የበረንዳ አጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ10 ነው። ስለዚህ ስትቀመጡ የአጥሩ መደገፊያና የማዶው መስመር ተነካክተው አንድ ይሆናሉ፤ ርቀቱ ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ይጠፋል። ስትቆሙ ዓይናችሁ ወደ 1 ሜትር ከ60 ይወጣና አጥሩ ወደታች ይወርዳል። በአጥሩና በማዶው መካከል ሰፊ የውሃ ሜዳ ይከፈታል። ጸጥታው ያለው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ከዚህም ከፍ ማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1867 በኖርማንዲ ጠረፍ ሳንት አድረስ ላይ የሣለው የባሕር ዳር በረንዳ፣ አሁን ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው፣ ከላይ ወደታች የታየ ነው። በረንዳው፣ ባሕሩና ሰማዩ እንደ ሦስት ጥለት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ ከታች እስከ ላይ የሚያያይዟቸው ሁለት የባንዲራ ምሰሶዎች ናቸው። ፎቅ ላይ ያለ በረንዳ ያገኘ ሰው ይህንን መንገድ ይሞክረው፤ ምሰሶውን የሚተካ አንድ የግራር ወይም የዋርካ ግንድ በሐይቁ ዳር አይጠፋም። ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፦ የውሃው መስመር ሸራውን ለሁለት እኩል እንዳይከፍለው። ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ይረፍ፤ ለጠዋት ሰማይ የሚያስፈልገው ከዚያ አይበልጥም።

ነጭና ሰማያዊ፦ የትኛው ቱቦ

በዚህ ዓይነት ሥዕል ነጭ ቀለም የሌሎቹን ድምር ያህል ያልቃል። አዲስ አበባ ሄዶ የሚገዛ ሰው የሌሎቹን በትንሹ ቱቦ፣ ነጩን በትልቁ ይያዝ፤ ሐዋሳ ላይ ነጭ ካለቀበት ሱቁ 275 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ቲታኒየም ነጭና ዚንክ ነጭ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የሚለያዩት ግን ብዙ ነው። ቲታኒየም ይሸፍናል፣ ብርቱም ነው። ዚንክ ግልጽና ቀዝቃዛ ስለሆነ ለጠዋት ጭጋግ ያጓጓል፤ በዘይት ውስጥ ግን ሲያረጅ ተሰባሪ ይሆንና ንብርብሩ ይላቀቃል። ከቱቦው ጀርባ ያለውን የቀለም ቁጥር እዩ፦ ፒደብልዩ 6 (PW6) ቲታኒየም ነው፣ ፒደብልዩ 4 (PW4) ዚንክ ነው። «ነጭ» ተብሎ የሁለቱ ቅልቅል የሚሸጥበት ጊዜም አለ። ቲታኒየም ብቻውን የሆነውን ውሰዱ። ጭጋጉን በስስ ቅብ ታገኙታላችሁ።

ከሰማያዊዎቹ አልትራማሪን (ፒቢ 29፣ PB29) ለዚህ ሥራ አስተማማኙ ነው፤ ወደ ሐምራዊ ስለሚያደላ የጥላ ቀለም ይሆናል። ታሎ ሰማያዊ (ፒቢ 15) እጅግ ብርቱ ነው፤ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጠብታ አንድ ማንኪያ ነጭ ትቀይራለች። ሐይቁን ወደ መዋኛ ገንዳ የሚለውጠው እሱ ነው። ሴሩሊየን (ፒቢ 35) ለሩቅ ውሃ በጣም ያምራል፤ ውድ ነውና ከሌለ አልትራማሪን ውስጥ ጠብታ ታሎና ጥቂት ኦከር ገብቶ ይቀራረባል። ለቡገንቪሊያው አሊዛሪን የሚባለውን ቀይ አትግዙ፤ ብርሃን ላይ ይለቃል። ኩዊናክሪዶን ሮዝ ቦታውን ይይዛል፤ አበባውን ከሥዕሉ አንድ ጥግ ውጭ አትበትኑት።

ከበርንት ሲዬና (ቀላ ያለ የአፈር ቡናማ) እና ከኦከር ጋር እነዚህ ቀለሞች ይበቃሉ። ጥቁር አያስፈልግም፤ የጀበናው ጥቁር ከአልትራማሪንና ከበርንት ሲዬና እኩል ለእኩል ይወጣል።

በጥላ ውስጥ ያለውን ነጭ ግድግዳ በቅርበት እንየው፤ የበረንዳ ሥዕል የሚሳካውም የሚወድቀውም እሱ ላይ ነው። ዓይን «ነጭ» ይላል፣ እጅ ነጭ ይቀባል፤ ፀሐይ የመታው ቦታ ሲደርስ የቀረ ነጭ የለም። የሌላው ሰው ስሕተት ጥቁር ቀላቅሎ ሲሚንቶ ማድረግ ነው። ጥላው ላይ የሚወድቀው የሰማይ ብርሃን ነውና ወደ ሰማያዊ ሐምራዊ ያደላል። ስምንት እጅ ቲታኒየም፣ አንድ እጅ አልትራማሪን፣ ግማሽ እጅ በርንት ሲዬና ደባልቁ፤ ቶኑ 6 ወይም 7 አካባቢ ይመጣል። ከግድግዳው ግርጌ፣ ወለሉ ብርሃን በሚመልስበት ላይ፣ በዚያው ቅልቅል ኦከር ጨምሩ። ከላይ ወደ ጣሪያው ደግሞ ጥቂት አልትራማሪን። አንዱ ግድግዳ በአንድ ቅልቅል ከተሞላ ካርቶን ይሆናል፤ በእነዚህ ሦስት ለውጦች ግን አየር ያገኛል። ስፔናዊው የቫለንሲያ ሠዓሊ ሆአኪን ሶሮላ (ከ1863 እስከ 1923) የባሕር ዳር ነጭ ልብስ ሲሥል የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ ጥላዎቹ ሐምራዊና ሰማያዊ ናቸው፣ እኛ ግን ነጭ ብለን ነው የምናያቸው።

ለቅርቡ ውሃ ሁለት እጅ አልትራማሪን፣ ሁለት እጅ ኦከር፣ ሦስት እጅ ነጭ። ለሩቁ ስድስት እጅ ነጭ ላይ አንድ እጅ ሴሩሊየንና ከቅርቡ ውሃ ቅልቅል ጥቂት። ነጸብራቅ ስትቀቡ ደግሞ ጥቁሩ ነገር ውሃው ውስጥ ትንሽ ይነጣል፣ ነጩ ትንሽ ይጠቁራል፤ ሁለቱም ወደ መሐል ይሰበሰባሉ። ነጸብራቁ ቁልቁል ይውረድ፤ እንደ ጥላ ወደ ጎን አይዘንብልም።

ምን ላይ ይሣል፦ አቡጀዲ፣ ሸራ፣ ተልባ ጨርቅ፣ ጣውላ

አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፤ ለልምምድ ይሁን። ክሩ ስስ ስለሆነ ከ40 በ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት ይረግባል፣ ቀለሙም አብሮ ይሰነጠቃል። ወፈር ያለ የጥጥ ሸራ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ከተልባ ክር የተሠራው ሊኖ ከሁሉም ይጸናል፤ ሰው ለዘለቄታ አስቦ ለገዛው ወይም ከ80 ሴንቲ ሜትር ለሚያልፍ ሥዕል ዋጋው ይገባዋል። ለጸጥተኛ ውሃ ግን የሸራውን ሽመና ቅጥነት ተመልከቱ፤ ሻካራ ሸራ ላይ ስስ የውሃ ቅብ በየጉብታው እየተቆራረጠ ሐይቁን ያስነሣዋል።

በዚህ ረገድ ጣውላ ይበልጣል። ኤምዲኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፔንሳቶ ልስልስ ነው፣ አይረግብም፣ በሐይቅ ዳር ነፋስም እንደ ከበሮ አይንቀጠቀጥም። ለ30 በ40 ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከተለቀ ከጀርባው እንጨት ካልተመታበት ይጣመማል። ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንና ጠርዙንም ለብጡት፤ አንድ ወገን ብቻ እርጥበት ከጠጣ እንደ ቆርቆሮ ይጎብጣል። ኤምዲኤፍ ጠርዙ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም። ከ50 በ70 በላይ ሲሆን ጣውላ ይከብዳል፤ እዚያ ላይ ሸራ ያሸንፋል።

ሸራውን የሚወጥረው እንጨት የደረቀ ይሁን። ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ በወሩ ይጣመምና አራተኛው ማዕዘን ከግድግዳው ተነሥቶ ይቀራል። የፍሬሙ የውስጥ ጠርዝ ወደ ኋላ ዘቅዝቆ ይላግ፤ አለዚያ ብሩሽ ሲጫነው ሸራው እንጨቱን እየነካ በሥዕሉ ዙሪያ መስመር ይወጣል። በማዕዘኖቹ ትናንሽ ሽብልቆች ይግቡበት፤ ሸራው ክረምት ላይ ሲረግብ በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚያባክነው የስም መመሳሰል። ሠዓሊዎች «ጌሶ» የሚሉት ሸራ ላይ የሚቀባው መሠረት፣ ከሕንፃ ዕቃ ሱቅ ከሚገዛው ጄሶ ጋር አንድ አይደለም። የግንቡ ጄሶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ድንጋይ የሚሆን ዱቄት ነው፤ በኮላ ተቀላቅሎ ሸራ ላይ ቢቀባ ሸራው በተነካ ቁጥር ይሰነጠቃል፣ ሲጠቀለል ደግሞ እየተቀረፈ ይወድቃል። አክሪሊክ ጌሶ ተለጣፊና ተጣጣፊ ነው። ሸራ ላይ 2 ወይም 3 ስስ ቅብ፣ ጣውላ ላይ 3 ወይም 4፤ አንዱ አግድም ከሆነ ቀጣዩ ቁልቁል፤ በየመሐሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። ርካሽ የግድግዳ ቀለም በመሠረትነት መጠቀም የተለመደ ነው፤ ኖራው በዝቶ ማጣበቂያው ያነሰ ከሆነ ግን ዘይቱን ይመጥጠዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በሥዕሉ ላይ ጥቁርና ሰማያዊ የሆኑት ቦታዎች በሳምንቱ አመድ ይለብሳሉ።

ነጩን ሸራ ሳትጀምሩ ስስ ቀለም አልብሱት። ለጠዋት ሥዕል ሞቃት መደብ፣ ማለትም በርንት ሲዬና በተርፔንታይን ቀጥኖ በጨርቅ የተጠረገ፤ በቀዝቃዛው ጥላ መካከል ሾልኮ ሲታይ ይሞቃል። ለአመሻሽ ሐምራዊ ግራጫ።

በአንድ መቀመጫ ወይስ በድርብርብ

እርጥብ በእርጥብ ላይ የሚሠራው ሥዕል በአንድ ቁጭታ ያልቃል። የሰማይና የውሃ መሸጋገሪያ በዚህ መንገድ የሚወጣውን ያህል በሌላ አይወጣም፤ ሁለት ጎረቤት ቀለሞች ገና እርጥብ ሳሉ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አንዴ አግድም ስታልፉባቸው ጠርዙ ይሟሟል። ሁለቴ ካለፋችሁበት ጭቃ ይሆናል። ደካማ ጎኑ ቀጭን ነገር ነው። የአጥር ዘንግ፣ የወንበር እግር፣ የጀልባ ገመድ እርጥብ ውሃ ላይ ሲሣል ሥሩ ያለውን ቀለም እየጠረገ ይወፍራል።

የድርብርቡ መንገድ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለዘንጎችና ለአበባ ግን ይመቻል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከታች ስስና ደረቅ፣ ከላይ ቅባታም። የመጀመሪያው ቅብ በተርፔንታይን የቀጠነ፣ ሁለተኛው ከቱቦው እንደወጣ፣ ሦስተኛው ጥቂት የተልባ ዘይት የገባበት፤ ዘይቱ ከቀለሙ አንድ አምስተኛ አይለፍ። ሲገለበጥ፣ ቅባታሙ ሥር ሆኖ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ ይሰነጠቃል።

እኛ የምንመክረው ሁለቱን ማጋባት ነው። ሰማዩ፣ ማዶው፣ ውሃውና ወለሉ በአንድ ጠዋት ይጠናቀቁ። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ቆይቶ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ ሲሆን አጥሩን፣ ወንበሩንና አበባውን ደረቁ ላይ ሣሉ። የተሳሳተ ዘንግ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ውሃው ግን አይነካም። ከምድር የሚገኙት ቡናማዎች፣ በተለይ አምበር፣ በፍጥነት ይደርቃሉ፤ ቲታኒየም ነጭ ይዘገያል፤ ስለዚህ ድርቀቱን የምትፈትኑት ግድግዳው ላይ እንጂ ጨለማው ላይ አይሁን። ቀኑ የቸኮለበት ሰው ድርቀት የሚያፋጥን አልኪድ ማደባለቂያ ይጨምር፤ ስስ ቅብ በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል።

ብሩሽ ወይስ ቢላ

ቢላ፣ ማለትም ቀለም የሚቀባበት ተጣጣፊው የሠዓሊ ቢላ፣ ለግድግዳው ልስን፣ ለድንጋይ ወለልና ለቡገንቪሊያ የተፈጠረ ነው። አንድ ጊዜ ተጭኖ ተጎትቶ መተው ነው፤ ተመልሶ ማስተካከል አበባውን ይገድለዋል። ለሩቅ ኮረብታና ለተኛ ውሃ ግን አይሆንም። ወፍራም ቀለም ብርሃን ስለሚይዝ ዓይንን ይጠራል፤ ዓይን ወደተጠራበት ርቀት ሊሆን አይችልም። ሙሉ ሥዕል በቢላ ሲሠራ ቀለሙም በጣም ይበዛል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የወፈረ ቅብ ደግሞ ላዩ ቆዳ ይዞ ውስጡ ለወራት እርጥብ ይቀራል፣ ዘይት ከበዛበትም ይጨማደዳል።

ከብሩሾች ለውሃና ለሰማይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ጠፍጣፋ፣ ለግድግዳና ለወለል 2 ሴንቲ ሜትር የአሳማ ጸጉር፣ ለዘንግና ለገመድ ረጅም ጸጉር ያለው ቀጭን ይበቃል። ወደ ፊት ስትመጡ ወፍራም፣ ወደ ኋላ ስትሄዱ ስስ ቀቡ።

የትኛው ዘይት፣ የትኛው ማቅጠኛ

የተልባ ዘይት ይጸናል፣ ቢጫ ይሆናል። የለውዝ ዓይነት ከሆነው ዋልነት የሚገኘው ያነሰ ቢጫ ይሆናል፣ ግን ይዘገያል። ለነጭና ለሰማያዊ የሚያመቸው ሁለተኛው ነው፤ ካልተገኘ የተጣራው የተልባ ዘይት በትንሹ። ከወፍጮ ቤት የወጣ ያልተጣራ የተልባ ዘይት ሥዕል ላይ አይግባ፤ ዝቃጩ ያደበዝዛል፣ ድርቀቱም አይታመንም። የኑግና የሱፍ የምግብ ዘይት ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም፤ ለወራት ተጣብቆ ይቆይና የመንገድ አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

ለማቅጠኛ ተርፔንታይን ወይም ሽታ የተቀነሰለት የሠዓሊ ማቅጠኛ። የመኪና ቀለም ቲነር ሥሩ ያለውን ቅብ ያነሣል፣ ለሳንባም ክፉ ነው። ነጭ ጋዝ ብሩሽ ያጥባል፣ ቀለም ውስጥ ግን አይግባ፤ ቀስ ብሎ ስለሚተን ቅባት ይተዋል። በነጭ ጋዝ የታጠበ ብሩሽ ተመልሶ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ።

የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ክብሪት አያስፈልገውም። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ባለው ክዳናም ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

በቦታው ወይስ ከፎቶ

የስልክ ፎቶ በጥላ ያለውን በረንዳ ጥቁር፣ ሐይቁን ባዶ ነጭ ያደርገዋል፤ ከላይ የተባለው ሐምራዊ ጥላ ፎቶው ውስጥ የለም። ፎቶ ለቅርጽ፣ የቦታው ቅብ ለቀለም ይሁን። ሁለት ፎቶ አንሡ፤ አንዱ ብርሃኑ ለበረንዳው ተስተካክሎ፣ ሌላው ለሐይቁ። ውጭ ስትሠሩ ሸራውም የቀለም ማደባለቂያውም ጥላ ውስጥ ይሁኑ። ፀሐይ የመታው ሸራ ዓይን ስለሚያጥበረብር ሳታውቁት ታጨልሙታላችሁ፤ ቤት ሲገባ ምሽት ይሆናል። ከማቆሚያው ሥር ድንጋይ የሞላ ከረጢት ስቀሉ። አመሻሽ ላይ እርጥብ ቀለም ላይ የሚለጠፉትን ትናንሽ ነፍሳት ለማንሣት አትታገሉ፤ ሲደርቅ በጥፍር ይራገፋሉ።

እንግዲህ ለጀማሪ፦ ጠዋት፣ ቆሞ፣ 30 በ40 ጣውላ፣ ቲታኒየምና አልትራማሪን፣ ብሩሽ ብቻ። ልምድ ላለውና ለሳሎን ትልቅ ሥዕል ለሚያስብ፦ 50 በ100 ሽመናው ደቃቅ የሆነ ሊኖ፣ ውሃው በአንድ ቁጭታ፣ አጥሩ ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ቢላ ለግድግዳና ለአበባ ብቻ። አመሻሽ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል፦ ሦስት ምሽት ሦስት ትንንሽ ጣውላ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ።

ቫርኒሽ ለመቀባት ስስ ሥዕል 6 ወር፣ ወፍራም አንድ ዓመት ይቆይ። ለመፈተን ጥጥ በተርፔንታይን ነክራችሁ ጥግ ላይ ያለውን ጨለማ ቀለም በቀስታ እሹት፤ ጥጡ ቀለም ይዞ ከመጣ ጊዜው አልደረሰም። በክረምት ዝናብ መሐል አትቀቡት፣ እርጥበቱ ቫርኒሹን ያጨናግፈዋል። እስከዚያ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አታስቀምጡት፤ የዘይት ቀለም ጨለማ ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ሆኖ ካገኛችሁትም ቀጥታ ፀሐይ በማይነካው መስኮት አጠገብ ለጥቂት ሳምንታት አቁሙት፤ የግድግዳው ነጭ አብዛኛው ይመለሳል።